እሳት ያላገኘው ፌስታል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእህቴ ጋር በተከራየነው ክፍል፣ ከአልጋው ሥር፣ አንድ ጥቁር ፌስታል ነበር። ውስጡ ያረጁ የውስጥ ልብሶቻችን ነበሩ። ለሰው ቢነገር ያስቃል። እኛን ግን ለወራት አስጨነቀን፤ ምክንያቱም ፌስታሉ ነበረን እንጂ እሳት አልነበረንም።

እሳት የምለው የምድጃ እሳት ነው። እኛ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሽቦው ቀልቶ ሽሮ ያፈላል እንጂ ጨርቅ አይበላም። በእናታችን ቤት፣ አንኮበር፣ ያረጀ የውስጥ ልብስ መሄጃው ምድጃ ብቻ ነው። አይጣልም፤ አይቀበርም፤ መወልወያም አይሆንም። «ገላሽን የነካ ነገር የሰው እጅ አይግባ» ትላለች እናቴ። ለምን ስንላት «ክፉ ሰው አይጠፋም» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። መተት የሚለውን ቃል አፏ ላይ አታመጣውም፤ ስሙን መጥራት መጋበዝ ይመስላታል።

እህቴ በመተት አታምንም። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆማ የምትውል ሰው ናት፤ ጊዜም የላትም። «እኔ የምፈራው ጠንቋይ አይደለም» ትል ነበር፣ «ውሻ ነው።»

እውነቷን ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በጋሪ እስኪመጡ ድረስ ቆሻሻው ያለበት ማዳበሪያ አጥር ሥር ተደግፎ ይቆማል። ውሻ ይቀደዋል፤ የቀረውን የደብረ ብርሃን ነፋስ ይጨርሰዋል። አንድ ጠዋት የአንዷ ተከራይ ጡት መያዣ እሾሃማው ሽቦ ላይ ተሰቅሎ፣ ሁለቱንም በኩል በነፋስ ተነፍቶ አገኘነው። አከራያችን ጠላ እየጠመቁ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ ግቢው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ጡት መያዣውን በመጥረጊያ እንጨት አንጠልጥለው በየበሩ ዞሩ።

«የማናችሁ ነው?»

ማን ይናገራል? ሁሉም በሩን ገርበብ አድርጎ ያያል።

«ማንም የለውም? ከሰማይ ዘነበ?»

እህቴ ከመጋረጃችን ጀርባ ሆና «እማማ፣ የእርስዎ እንዳይሆን!» አለች።

«የኔማ ቢሆን አጥሩን ይዞት ይወድቅ ነበር፤ አንቺ ምላሳም!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የጡት መያዣው ባለቤትም አብራ ሳቀች፤ ያወቅኋት ከሁሉ ቀድማ ስለሳቀች ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን እማማ ሕግ አወጡ። የውስጥ ልብስ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። ሽንት ቤት ውስጥማ ከዚያ የባሰ ነው፤ አምና የመጣጩ መኪና ቱቦ በጨርቅ ተደፍኖ ሠራተኞቹ የወረወሩባቸውን ስድብ ገና አልረሱትም።

«ታዲያ የት እናድርገው?» አለች አንዷ።

«ወደ መጣችሁበት!»

እኔና እህቴ የምናደርገውም ይህንኑ ነበር። አውዳመት በመጣ ቁጥር ፌስታሉን ከዘይቱና ከስኳሩ ጋር ይዘን የአንኮበር ሚኒባስ ላይ እንወጣለን። እህቴ ጭኗ ላይ ታቅፈዋለች። አንድ ጊዜ ጎናችን የተቀመጠ ሽማግሌ «ዳቦ ነው ልጄ?» ቢላት «አዎ አባባ፣ የከረመ ነው» አለችው። እሱም ራሱን ነቅንቆ «የከረመም ቢሆን ዳቦ ዳቦ ነው» ብሎ መረቀን። እስከ አንኮበር ድረስ ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዙረን ሳቅ ሲያፍነን ሄድን።

እናቴ ሥራውን የምትሠራው በጠዋት ነው፤ አባቴ ወደ ገብሱ ከወጣ በኋላ። የበሩ ደፍ ላይ በርጩማዋን ታስቀምጥና ፌስታሉን ትፈታለች። አንድ በአንድ እያነሳች መጀመሪያ ላስቲኩን በምላጭ ትለያለች። ላስቲክ ሲቃጠል ቤቱን ያገማዋል፤ ደግሞም ላስቲክ አይጣልም፤ ያልላላው ሌላ ጉርድ ውስጥ ይገባል፣ የላላው የቅቤ ዕቃ አፍ ያስራል። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች።

የቤታችን በር ወደ ምሥራቅ ነው፤ ገደሉን ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ያያል። ጠዋት ፀሐይ ከታች ከቆላው ስትወጣ በቀጥታ እናቴ ፊት ላይ ነው የምታርፈው። ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ ካለፈ «አልቋል» ትልና ወደ ምድጃው ትወረውረዋለች። ካላለፈ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። «ይሄ ገና ነው። ይታጠብና ይለበሳል። ያላለቀ ማቃጠል ነውር ነው።»

ልጅ ሆኜ ይህንን ነገር እጠላው ነበር። እናቴ ጨርቁን ስታነሳ እኔን ያነሳችኝ ይመስለኝ ነበር። ምንም አያመልጣትም። እህቴ የመጀመሪያ የወር አበባዋን በደበቀች ሰሞን፣ እናቴ ከፀሐዩ ፊት ለፊት አንዲት ሙታንታ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ምንም አልተናገረችም። ማታ ግን የእህቴ ሽሮ ላይ የእኛ ላይ ያልነበረ ቅቤ ነበረበት። እንደዚያ ነው ቤታችን ውስጥ ነገር የሚነገረው።

ከዚያ አገሩ ታወከና መንገዱ ይዘጋ ይከፈት ጀመር። ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ተሰልፈው ይውሉና አመሻሽ ላይ ባዷቸውን ይመለሳሉ። ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬ ሄደ?» ብሎ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳይጠራ። እኛ አንዱን አውዳመት ቀረን፤ ቀጥሎ ሌላውን። የእናቴ ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን አይሠራም። እኔ ክፍሉ ጠበበኝ፤ እየተነሳሁ ወደ መናኸሪያው እሄዳለሁ፣ ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ።

እህቴ ግን አንድ ማታ «ለጊዜው ባንሄድም ይሻላል» አለች።

ድምፅዋ ላይ እፎይታ ሰማሁ። መንገዱን የፈራች መሰለኝ። ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ግጥም እጽፋለሁ፤ መጻፍ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ሰው የተናገረውን ደጋግሞ በጆሮ ማመላለስ ብቻ ነው የማውቀው፤ እና ያ «ይሻላል» የሚለው ቃል በተመላለሰ ቁጥር ቦታው አልሆን አለኝ።

ፌስታሉ በበኩሉ ያብጥ ጀመር። ቤት ስጠርግ መጥረጊያው ይነካዋል። ሁለት ሰው ልብስ የሚጨርሰው እንደዚያ በፍጥነት አይደለም። አፉን ለማሰር ስጎነበስ እህቴ «ተይው፣ እኔ አስረዋለሁ» ትላለች። እሷ ስታስረው ደግሞ የሚፈታ ቋጠሮ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ አብሬያት ሄድኩ። መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ፓንትና ካልሲ የሚሸጥ የአልዩ አምባ ነጋዴ አለ፤ ቀልደኛ ነው። ገና ሲያያት ሳቀ።

«መጣሽ እህቴ? ወላሂ አንቺ ሱቅ ከፍተሻል! ከኔ እየገዛሽ ነው የምትሸጪብኝ።»

«ዝም ብለህ ጥቁሩን ስጠኝ» አለችው።

«ሁልጊዜ ጥቁር! ቀዩ አለ፣ ሮዙ አለ፤ አላህ የፈጠረው ቀለም ሁሉ አለ።»

«ጥቁሩን ነው ያልኩህ!»

ሳቁን ዋጠው። እኔም አብሬው ዋጥኩ። መመለሻችን ላይ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ቆመች።

«ምነው?»

«ጫማዬን ልሰር።»

ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔ ከሷ ላይ አልነሳ አለኝ። ሰው ቤት ስንሄድ ነጠላዋን አጥፋ ከሥሯ ሳታደርግ አትቀመጥም። ጥሬ ሩዝ ከኪሷ እያወጣች ትቆረጥማለች። የታችኛውን ከንፈሯን ብታዩት ነጥቶ ከጥርሷ አይለይም። ልብስ የምታጥበው እኔ ስወጣ ጠብቃ ነው። የውስጥ ልብሳችንን ገመድ ላይ ስናሰጣ ሁልጊዜ ከላዩ ፎጣ እንጥልበታለን፤ የግቢው ሴት ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ወንድ ተከራይ እንዳያይ። የሷ ፎጣ ግን አሁን ሁለት ሆነ።

«እትዬ፣ ያምሻል እንዴ?» አልኳት።

«የፋብሪካ ሰው ምን እንዲመስል ነው የፈለግሽው? ሙሽራ?»

«ፊትሽ እኮ…»

«አንቺ ቆቅ፣ ዓይንሽን ሌላ ቦታ ትከዪው። ሂጂ፣ ግጥምሽን ጻፊ።»

አንድ ጠዋት እሷ ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ እማማ ለጠላው ገብስ ሊቆሉ ግቢው ጥግ በኩበት ትልቅ እሳት አነደዱ። መስኮት ላይ ሆኜ ሳየው ደስ አለኝ፤ ብርዱን ሳይሆን ፌስታሉን አስቤ። እሳት ተገኘ።

«እማማ፣ ሲጨርሱ እሳቱን አያጥፉት» አልኳቸው።

ብረት ምጣዱ ላይ ገብሱን እያመሱ ቀና አሉ። «ምን ልታቃጥዪ ነው? የፍቅር ደብዳቤ?»

«ያረጀ ነገር ነው።»

«ምን ዓይነት ያረጀ?»

ፈገግ ብዬ ጉርዴን ነካ አደረግኩ።

«እህ! ገባኝ» አሉና ሳቁ። «እሱማ እኔም ጋ አለ። ባሌ በሕይወት ሳለ የገዛልኝ ሳይቀር አስቀምጫለሁ። ቆይ ገብሴን ላውጣ፤ ጭሱ ከገባበት ነገ ጠላውን የሚጠጣው ሁሉ ምን ሸተተኝ ይላል።»

ገብሱን አስገብተው በእጃቸው ትንሽ ጥቅልል ይዘው ተመለሱ። እኔም ፌስታሉን አወጣሁ። ቋጠሮው አልፈታ ስላለኝ በምላጭ ቀደድኩት። እንደ እናቴ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ከላይ ያገኘሁትን አንስቼ ላስቲኩን ልለይ ጀመርኩ። ላስቲኩ አልላላም። እንደ አዲስ ይሳባል። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ ጨርቁን ወጥሬ ወደ ፀሐይ አነሳሁት።

ብርሃን አላለፈም።

ጥቁር ስለሆነ ይሆናል አልኩ። ሌላ አነሳሁ። ያኛውም አዲስ ነው። ጨርቁ ግን እንደ ቆዳ ድርቅ ብሏል፣ ስወጥረው ይንኮሻኮሻል። ሦስተኛው ጥቁር አልነበረም፤ የተከረከመ ነጭ ፎጣ ነበር፤ የደሙን ቀለም እዚያ ላይ አየሁት። ከሥር የነበረው ሁሉ እንዲሁ ነው። የኔ ያረጁት ሁለቱ ከታች ተጨፍልቀዋል።

እማማ የራሳቸውን ጥቅልል እሳቱ ውስጥ ጨምረው እየቀለዱ ወደ እኔ ዞሩ። ቀልዱ መሐል ላይ ቆመ። ጎንበስ ብለው ከጉልበቴ ላይ ፎጣውን በሁለት ጣታቸው አነሱት።

«የማን ነው?»

በመጥረጊያ እንጨት ሲዞሩ የጠየቁት ጥያቄ ነው። ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር። ዓይኔ ወደ በራችን ሄደ፤ እሱ በቃቸው።

«ወይ ልጄ» አሉ። «የአንድ ወር አይደለም ይሄ።»

ሁሉንም መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩ። እሳቱ ዝም ብሎ ነደደ፤ የሳቸውን ጨረሰና ወደ አመድ ወረደ።

እህቴ የፋብሪካው ሰርቪስ አስፋልቱ ላይ አውርዷት ስትገባ ገና በሩ ላይ የኩበቱን ጭስ አሸተተች። ፊቷ ፈካ። ብዙ ጊዜ እንዲያ ስትፈካ አላየኋትም።

«አቃጠልሽው?»

«አላቃጠልኩም።»

«ለምን? እሳት አልነበረም?»

«ነበረ» አልኩ። «አላለቀም።»

የእናታችንን ቃል ስትሰማ ያየሁትን እንዳየሁ ገባት። ቦርሳዋን ሳታወርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ማን ንኪው አለሽ፣ የሰው ዕቃ መቅደድ ከየት ተማርሽ አለች። ቁጣው ግን ብዙ አልሄደም፤ ትንፋሽ አጠራት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላውቅም። መጀመሪያ ይቆማል ብዬ ነበር። ከዚያ ይቆማል ማለቱን ተውኩት።»

«ለእማ ለምን አልነገርሻትም?»

«ለሷ መንገር አያስፈልግም፤ ፌስታሉን ይዤ መሄድ ብቻ ነው። አንዱን አንስታ ፀሐይ ላይ ታይና…» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «መንገዱ ሲዘጋ ተመስገን አልኩ። ሰው መንገድ ሲዘጋ ተመስገን ይላል? እኔ አልኩ። ግን ፌስታሉን ደግሞ የት ልጣለው? ፋብሪካው በር ላይ ስንገባም ስንወጣም ይፈትሹናል። እዚህ ውሻው አለ፣ እማማ አሉ፣ አንቺ አለሽ። የአንቺ ዓይን ከሁሉም ይብሳል።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አልሄድም።» ድምፅዋ ዝቅ ብሎ የቆረጠ ነበር። «አብራኝ የምትሠራ ልጅ እንደዚህ ሆና ሄደች። ማህፀኗን አውጥተው ሰደዷት። እጮኛ ነበራት፤ አሁን የለም። በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ስለሷ የሚያወሩትን እኔ ነኝ የምሰማው። እኔ ገና ምን ወለድኩ? ቆርጠው ቢያወጡትስ?»

አይዞሽ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አይዞሽ ግን ያለ ምንም ማስረጃ የሚባል ቃል ነው፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እጇን ያዝኳት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥፍሮቿ እንደ ሻማ ነጥተዋል።

በሩ ተንኳኳ። እማማ በኩባያ አጥሚት ይዘው ቆመዋል። ምን ያህል እንደሰሙ አላውቅም፤ ግድግዳችን ግን ጭቃ ነው።

«ጠጪ» አሏት።

«እማማ፣ በልቻለሁ።»

«መብላትሽን መች ጠየቅኩሽ? ጠጪ ነው ያልኩት።» እስክትጠጣ ቆመው ጠበቁ። ኩባያውን ተቀብለው ሲወጡ ወደኋላ ሳይዞሩ «ነገ ጠዋት ጠላ አልሸጥም፤ አብሬያችሁ ነው የምሄደው» አሉ።

እህቴ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከእማማ ጋር ሐኪም ቤት ስንሄድ ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ። እህቴ አየችው፤ «እሱን ምን ልታደርጊ?» አላለችም፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ብቻ ሳበች። ወረፋ ጠብቀን ስንገባ ነርሷ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ደሙ ብዙ ነው?»

«መጠነኛ ነው» አለች እህቴ።

ለዚህ ነበር የያዝኩት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ሥር ከነርሷ እግር አጠገብ አስቀምጬ አፉን ከፈትኩት። ነርሷ አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። ብዕሯን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴን ፊቷን አየቻት።

«እህቴ፣ እንደዚህ ሆነሽ በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

የዚያን ቀን አስተኟት። ማህፀኗ ላይ እጢ ነው አለ ሐኪሙ፤ ብዙ ሴት ላይ የሚገኝ ነው፤ መጥፎው ነገር መቆየቱ ነው። ደሟ በጣም ስለወረደ መጀመሪያ ደም ይሰጣታል፤ ትንሽ ስታገግም ቀዶ ጥገና ይሠራላታል። እህቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲመልስላት ዓይኑን አልሰበረም። «ማህፀንሽን ለማትረፍ እንሞክራለን፤ ቃል ግን አልገባልሽም።» ደም ወስዳ ቤት ስትመለስ ከንፈሯ ቀለም ጀምሮት ነበር። ዓይኖቿ ግን ያው እንደነበሩ ናቸው።

ለእናታችን የነገርናት ኔትወርክ በተገኘ በአንዱ ከሰዓት ነው። ስልኩን እኔ ይዤ ነበር፤ እህቴ ተቀበለችኝ። «እማ» አለች፣ «ያ ፌስታል አላለቀም።» ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁትም፤ ወደ ውጪ ወጥቻለሁ።

መንገዱ በተከፈተ ቀን እናቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። በፌስታል ቅቤ ይዛለች፤ እህቴን አገላብጣ ሳመች፤ ሻይም ሳትጠጣ «የታለ?» አለች።

«እማ፣ ተይው በቃ» አለች እህቴ። «ነርሷ አይታዋለች።»

«እኔ አላየሁትም።»

የኛ በር ፊት ለፊቱ የእማማ ግድግዳ ነው፤ ፀሐይ አያገኘውም። እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አንዱን አነሳችና ብርሃን አጣች። ተነሳች፤ ፌስታሉን ይዛ ግቢው መሐል፣ ፀሐዩ ወዳለበት ሄደች። እዚያ ቆማ አንድ በአንድ ወጠረቻቸው። ከሁለቱ አሮጌዎች በቀር አንዱም ብርሃን አላሳለፈም። የኔን ሁለቱን አሮጌዎች ብቻ ለይታ ለእማማ እሳት አስቀመጠች። የቀረውን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ዘረገፈችው።

«ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ» አለችኝ። «ደም በሙቅ አይለቅም።»

ውሃው ቀላ፤ ደፋችው፤ እንደገና ቀላ። እጇ ቀልቶ እስኪያብጥ አሸች። ሁሉም አልለቀቀም፤ ነጩ ፎጣ ላይ የቡና ዝቃጭ የመሰለ ዳር ቀረ። ጨምቃ ገመዱ ላይ ደረደረቻቸው። ከነፋሱ ጋር ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተነሱ።

እህቴ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቆማ ነበር። «እማ፣ ፎጣ ጣይበት» አለች። «ሰው ያያል።»

«እንዲደርቅ ነው» አለች እናቴ። «ከደረቀ ይለበሳል።»

ፎጣ አልጣለችበትም። በርጩማ ገመዱ ሥር አድርጋ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተቀመጠች፤ የምትጠብቅ ይመስል።

አመሻሽ ላይ ያቺ የጡት መያዣው ባለቤት ከሥራ ገባች። ገመዱን አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴ! ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

እናቴ ቀና አላለችም። እማማ ከጠላ ቤታቸው ብቅ አሉ። እኔ መልስ ልፈልግ ስል እህቴ ከበሩ ላይ፣ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበች፣ «የኔ ነው» አለች።

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ነፋሱ የጣለውን አንዱን ከመሬት አንስታ፣ አፈሩን አራግፋ መልሳ ሰቀለችው።

ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ጠዋት ነበር። ማታ ከገመዱ ስናነሳቸው ገና እርጥብ ነበሩ፤ እናቴ አንዱን ይዛ ጉንጯ ላይ አድርጋ አየችው፤ አልደረቀም አለች። እህቴ ለሐኪም ቤት የያዘችውን ልብስ እያጠፈች ነበር። «እማ፣ ከነዚህ ሁለት ጨምሪልኝ፤ እዚያ ይደርቃሉ» አለቻት።